የዶክተር ሁ ልብወለዶች

የዶክተር ሁ ልብወለዶች ቢቢሲ ከ1963 ጀምሮ ባሳየው «ዶክተር ሁ» የተሰኘ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ድራማ ላይ ተመሥርተው በብሪታንያ የታተሙ መጻሕፍት ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፊሎቹ በቴሌቪዥን የታየውን ታሪክ በመጽሐፍ መልክ ያቀርባሉ፤ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያቱን ተውሰው አዲስ ታሪክ ይፈጥራሉ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1964 ወጣ። ደራሲው የድራማው የመጀመሪያ ድርሰት አርታኢ ዴቪድ ዊትከር ሲሆን፣ ዳሌክ የተባሉት ፍጡራን የታዩበትን ታሪክ እንዳለ አልገለበጠም፤ ኢያን ቼስተርተን የተባለው ገጸ ባሕርይ ራሱ እንዲተርከው አደረገ። ሁለት መጻሕፍት ተከተሉ፣ ከዚያ ሥራው ቆመ። በ1973 ታርጌት የተባለው አሳታሚ ሦስቱን በርካሽ ዋጋ ደግሞ ሲያወጣቸው ገበያው ደራላቸው፤ ከ1974 ጀምሮ አዳዲስ ማሳተም ያዘ።

ገበያው የደራበት ምክንያት አለው። የቪዲዮ ማጫወቻ በየቤቱ አልገባም ነበር፤ ቢቢሲም ያለፉ ክፍሎችን ደግሞ የሚያሳየው ከስንት አንዴ ነው። ይባስ ብሎ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የብዙ ክፍሎችን ቴፕ አጥፍቶ ለሌላ ቀረጻ ተጠቀመበት። ያመለጠውን ታሪክ ማወቅ የፈለገ ልጅ ያለው አማራጭ ቀጭኑ የታርጌት መጽሐፍ ነበር። ከ60 በላይ የሚሆኑትን የጻፈው የድራማው የቀድሞ ድርሰት አርታኢ ቴራንስ ዲክስ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ትረካው ፈጣን ነው፤ ተቺዎችን የሚያስደንቅ ባይሆንም ለአንባቢው ዕድሜ የሚስማማ ነበር። በጥበብ የሚበልጠው ማልኮም ሃልክ ሲሆን፣ ከመሬት በታች የሚኖሩትን «ጭራቆች» ታሪክ የጀመረው ከራሳቸው ከጭራቆቹ ዓይን ነው።

ሁሉም ታሪክ ግን አልታተመም። የድራማ ደራሲ በጻፈው ታሪክ ላይ መብት ስለነበረው ያለ ፈቃዱ መጽሐፍ ማድረግ አይቻልም፤ ዳግላስ አዳምስ ለድራማው የጻፋቸው ታሪኮች በታርጌት ዘመን ሳይታተሙ የቀሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ድራማው በ1989 ሲቋረጥ ነገሩ ተገለበጠ። ታርጌትን የጠቀለለው ቨርጂን፣ በአርታኢው ፒተር ዳርቪል-ኤቫንስ መሪነት፣ በ1991 አዳዲስ ታሪኮችን ለአዋቂ አንባቢ ማሳተም ጀመረ፤ ተከታታዩ 61 ደርሷል። ዳርቪል-ኤቫንስ ምንም ያላሳተሙ ጀማሪዎች የሚልኩትን ረቂቅ መቀበሉ ትልቁ ውሳኔው ነበር ማለት ይቻላል፤ ድራማውን እያዩ ያደጉ ወጣቶች በዚህ በር ገቡ። ፖል ኮርኔል፣ ማርክ ጋቲስና ራስል ቲ ዴቪስ ሁሉም ለቨርጂን ጽፈዋል። ኮርኔል በ1992 በርኒስ ሰመርፊልድ የምትባል የጥንት ቅርስ ቁፋሮ ተመራማሪ ፈጠረ። ቢቢሲ ከ1996ቱ የዶክተር ሁ የቴሌቪዥን ፊልም በኋላ የማሳተም ፈቃዱን መልሶ ወስዶ በ1997 በራሱ ማሳተም ሲጀምር ቨርጂን ዋናውን ገጸ ባሕርይ ዶክተሩን አጣ፤ በርኒስ ግን የቢቢሲ ንብረት ስላልነበረች እስከ 1999 በእርሷ ታሪክ ቀጠለ።

ዶክተሩ በ2005 ወደ ስክሪን ሲመለስ ዋና ጸሐፊው ዴቪስ ነበር፤ ጋቲስና ኮርኔልም ጻፉለት። ኮርኔል በ1995 ያሳተመውን፣ ዶክተሩ ማንነቱን ረስቶ እንደ ተራ መምህር የሚኖርበትን ልብወለድ ራሱ አሻሽሎ በ2007 ለድራማው አቀረበው። በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ከመጽሐፉ ቀዳ።

የአዳምስ ታሪኮች የታተሙት እርሱ በ2001 ካረፈ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከ2012 ጀምሮ ሌሎች ደራሲዎች ወደ ልብወለድ መለሷቸው። በ2018 ደግሞ ቢቢሲ የታርጌትን ስም አስነሥቶ አዲሶቹን ክፍሎች ማሳተም ጀመረ፤ ዴቪስም የ2005ቱን የመክፈቻ ክፍል በራሱ እጅ ልብወለድ አደረገው።