በዛፍና በዓለት ላይ የሚበቅለው አገር በቀል ኦርኪድ በምን ይለያል?

ከጅቡቲ ቆላ ርቆ፣ በኢትዮጵያ ከፍ ባሉ ስፍራዎች፣ አፈር ሳይነካ በዛፍ ቅርንጫፍ፣ አልፎ አልፎም በዓለት ላይ የሚበቅል ኦርኪድ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ኤራንጊስ ሶማሌንሲስ ነው።

በቅድሚያ የሚታየው ቅጠሉ ነው። ግራጫማ አረንጓዴ ሲሆን ጅማቶቹ ጠቆር ባለ መረብ መልክ ይታዩበታል። የዘመዱ የኤራንጊስ ብራኪካርፓ ቅጠል ግን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። የሁለቱም አበባ ኮከብ መሰል ሲሆን፣ ከበስተኋላው ማር የያዘ ረጅም ቀጭን ቱቦ ይንጠለጠላል። ሲመሽ በመዓዛው የእሳት እራቶችን ይስባል።

ሥሩ ቅርፊቱን ይይዛል እንጂ የዛፉን ምግብ አይመጥም። በመሆኑም «ጥገኛ ነው» ተብሎ ሊነቀል አይገባም፤ ዛፉ ከተቆረጠ ግን መኖሪያውን ያጣል።

ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብ እና ፊን ራስሙሰን በአውሮፓውያኑ 2004 ያሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያን ኦርኪዶች ለመለየት ያግዛል።