ብርኩማና ድልድይ፤ ከበገና እስከ ኤሌክትሪክ ጊታር

የሞጣ ሰው «ድልድይ» የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። ፈረንጆች ግን ከጊታር አካላት አንዱን ድልድይ ብለው ሰይመውታል፤ ይኸውም ከክሮቹ ሥር ቆሞ የሚሸከማቸው ትንሽ ዕቃ ነው። አባቶቻችን ደግሞ በበገና ላይ ያለውን ይህንኑ አካል ብርኩማ ይሉታል። ብርኩማ ከእንጨት የተጠረበ መቀመጫ ወይም መንተራሻ መሆኑን ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም። እንግዲህ ፈረንጅ መሻገርን፣ የእኛ ሰው ማረፍን አስቦ ስም አወጣ። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ የሚርገበገበውን የክር ርዝመት ይወስናል፤ የክሩንም እንቅስቃሴ ለመሣሪያው አካል ያቀብላል።

ዛሬ በወጣቶች ዘንድ ኤሌክትሪክ ጊታር የተወደደ ሆኗል፤ ድልድዩንና የክር ማሰሪያውን አውጥቶ በአዲስ መለወጥም እንደ መሻሻል ይቆጠራል። ነገር ግን ለውጥ ሁሉ መሻሻል ነውን? የዚህን ትንሽ ዕቃ ታሪክ ብንመረምር መልሱን እናገኘዋለን።

ከበገና እንጀምር። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹም በጥንቱ ልማድ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ አውታሮች ቆዳ በለበሰው ገበታ ላይ በቆመው ብርኩማ ያልፋሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን በጥቂቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እየገፋ ትክክለኛ ቦታዋን ይፈልጋል፤ ቦታዋን ባገኘች ጊዜ አውታሩ እየነዘረ ያንን የታወቀ የበገና ድምፅ ይሰጣል። ለማያውቅ ሰው ይህ መንዘር ጉድለት ሊመስለው ይችላል። ለበገና ግን ክብሩና መታወቂያው ነው።

ክራር ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ ብርኩማውም አንድ ወጥ እንጨት ነው። ይህ የሆነው ሠሪው የተሻለ ነገር ማሰብ ስላቃተው አይደለም። የክራር ክር በአብዛኛው ሳይጫን በልቅነቱ ስለሚመታ እያንዳንዱ ክር የራሱን አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ያንንም ተጫዋቹ በጆሮው እየሰማ ይቃኘዋል። ስለዚህ የክሩን ርዝመት በብርኩማው ላይ በጥቂቱ ማስተካከል አላስፈለገም።

በጊታር ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ጊታር በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ ትናንሽ ብረቶች ስላሉት አንዱ ክር ብዙ ድምፆች ይሰጣል። ነገር ግን ክር በጣት ሲጫን ይወጠራል፤ ድምፁም ከሚገባው ጥቂት ከፍ ይላል። የዚህም መጠን በቀጭኑና በወፍራሙ ክር አንድ አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክር የተለየ ርዝመት ሊሰጠው ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክ ጊታር በ1930ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ተሠርቶ ለገበያ በወጣ ጊዜ የክሩን እንቅስቃሴ የሚቀበለው ማግኔት ሆነ። የርዝመቱ ችግር ግን እንዳለ ቀረ። የጊብሰን ፋብሪካ በ1952 ሌስ ፖል የተባለውን ጊታር ሲያወጣ ድልድዩና የክር ማሰሪያው አንድ ላይ ነበሩ። የአንገቱ ማዘንበል አነስተኛ ስለ ነበረ ክሮቹ በብረቱ ላይ በማለፍ ፋንታ ከሥሩ እንዲያልፉ ተደረገ፤ በዚህም ምክንያት ተጫዋቹ መዳፉን በድልድዩ ላይ አሳርፎ ክሮቹን ማፈን አስቸገረው። ከዚያ በኋላ በሁለት ብሎን ከእንጨቱ ጋር የተያያዘ ወፍራም ብረት ተተካ። በመጨረሻም በ1954 ድልድዩና ማሰሪያው ተለያዩ፤ አዲሱ ድልድይ ስድስት ትናንሽ የክር መቀመጫዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱም በካቻቢቴ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። እነሆ፣ ይህ በእውነት መሻሻል ነው፤ የታወቀ ችግር ነበረ፣ ችግሩም ተፈታ።

በሌላ በኩል የፌንደር ፋብሪካ በ1950 ባወጣው ጊታር ላይ ለስድስቱ ክሮች ሦስት የነሐስ መቀመጫዎች ብቻ አድርጎ ነበር። ሁለት ክሮች አንድ መቀመጫ ስለሚጋሩ ቅኝቱን ፍጹም ማድረግ ያስቸግራል። ኋላ ስድስት መቀመጫ ያለው ድልድይ ተሠራ። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ድምፁን ወደው ሦስቱን ነሐስ የሚመርጡ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። እንደ በገናው እንዚራ ሁሉ በዚህም አንዱ ጉድለት የሚለውን ሌላው ውበት ይለዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ከሳክስፎንና ከትራምፔት ጎን ቆመ። ኋላም ሰላም ሥዩም ወልደማርያም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ጊታሩን የእኛን ቅኝቶች አናገረበት። ትዝታን ወይም ባቲን በጊታር የሚጫወት ሁሉ የድልድዩን ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ የክሩ ርዝመት ከተሳሳተ ዜማው በአንገቱ ጫፍ ያማረ ሆኖ ወደ ገላው ሲቀርብ ይበላሻልና።

እንግዲህ ጊታር ያለው ተማሪ አዲስ ድልድይ እንዲገዛለት ወላጆቹን ከማስቸገሩ በፊት አስቀድሞ ይመርምር። በመጀመሪያ አሮጌውን ክር ይለውጥ። ቀጥሎ ልቁን ክር በትክክል ይቃኝና በ12ኛው ፍሬት ላይ ጫን አድርጎ ይምታው፤ የሚሰማው ድምፅ የልቁ ክር እጥፍ መሆን አለበት። ከፍ ካለ መቀመጫውን ከአንገቱ ያርቀው፤ ዝቅ ካለ ያቅርበው። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ዋጋውም አንድ ካቻቢቴ ነው። መቀመጫው ተበልቶ ወይም ብሎኑ ዝጎ አልንቀሳቀስ ካለ ግን መለወጥ ተገቢ ነው፤ ያን ጊዜም የብሎኖቹን ርቀትና ውፍረት፣ የክሮቹንም መራራቅ ሳይለካ አይግዛ። ያለዚያ በጤፍ አገር በቢቸና የምናውቀው ተረት ይደርስበታል፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር»።

የጊታር ድልድይ ታሪክ በፋብሪካ መዝገብና በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ አይጠፋም። የክራሩና የበገናው ብልሃት ግን በአብዛኛው ያለው በሠሪዎቹ እጅና በደርዳሪዎቹ ጆሮ ነው። ዛሬ ክራርም የብረት ክር እየለበሰ፣ ከድምፅ ማጉያ ጋር እየተያያዘ ነው፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን አሮጌው ብርኩማ ለምን እንደዚያ እንደ ተሠራ ሳንጠይቅ ብንጥለው ምን እንደ ጣልን እንኳ አናውቅም። ስለዚህ በቢቸናም በሞጣም ያለን ተማሪዎች ደብተራችንን ይዘን ወደ ክራር ሠሪዎችና ወደ በገና መምህራን እንሂድ፤ የእያንዳንዱን አካል ስም፣ ልክና ምክንያት እንጻፍ። አሻሻልሁ ለማለት የሚችለው አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነውና።