«ስም መለወጥ» እና «ማዛወር»

መካነ ሰላም ያለበት የቦረና ደጋ በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ከሚባለው አገር ይቈጠር ነበር፤ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ፍልሰት በኋላ ግን በኦሮሞ ነገድ ስም ወሎ ተባለ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ደጋው ከስፍራው አልተነቃነቀም።

በ1971 እ.ኤ.አ. ዩኒክስ በ«ኤምቪ» ትእዛዝ የፋይልን ስም መለወጥንና ማዛወርን አጠቃለለ፤ በ1981 የወጣው ዶስ ግን ስም መለወጥን «ሬን» ብሎ ለየ። አንዳንድ ተርጓሚ ሁለቱንም «ዳግም ሰይም» ይላል፤ አነጋገሩም ለጆሯችን እንግዳ ነው። ጉዳቱ ግን ከዚህ ይበልጣል። በአዲሱ ስም የሚጠራ ሌላ ፋይል አስቀድሞ ካለ ሬን እምቢ ይላል፤ ኤምቪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠይቅ ደምስሶ ይተካዋል። ስለዚህ ሬንን «ስም ለውጥ»፣ ኤምቪን፣ ፋይሉ እንደ ደጋው ባይነቃነቅም፣ «አዛውር» እንላለን፤ በፍቺውም ላይ መደምሰሱ ይጻፍ።