ጎማና ሰንሰለት በጣርማ በር

መንዝን በክረምት ያየ ሰው ዋልካውን አይረሳውም። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ የሚጠነክረው ጥቁር አፈር፣ ሐምሌ ሲገባ የበቅሎ እግር ይዞ የሚያስቀር ማጥ ይሆናል። ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሲሞላው ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ሾፌርና ረዳት ሰንሰለት ይዘው የሚወርዱት ይኼኔ ነው። ብረቱን ጎማው ላይ ጠቅልለው ካጠበቁት፣ የላዩን ጭቃ እየቆረጠ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይቆነጥጣል።

ይህን ዘዴ በ1904 እ.ኤ.አ. በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ሃሪ ዊድ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በፈረንጅ አገር የጎማ ሰንሰለት በይበልጥ የበረዶ መድኃኒት ነው፤ በእኛ ደጋ ግን የጭቃ።

መኪና በዚህ ምድር በብርቱ የተፈተነው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነበር። ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,500 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀው። ዝናቡም ወርዶ ነበር። ያ ሁሉ ሞተር ወታደሩ በእጁ መንገድ እስኪጠግን ቆሞ ዋለ፤ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ጣሊያን ይህን ቁልቁለት አልረሳውም፤ በወረራው ዘመን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራውን በስቶ ከ500 ሜትር የሚረዝም ዋሻ ሠራ።

ይሁንና ዋሻው የተሠራው ለአላፊ አግዳሚው እንጂ ለመንዝ አልነበረም። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ጎማ የማይረግጠው አምባና ገደል ይጀምራል። ራስ አበበ አረጋይና የሸዋ አርበኞች በመንዝ፣ በመርሐቤቴና በአካባቢው እየተዘዋወሩ እስከ 1933 ዓ.ም. የተዋጉት በዚህ ምድር ነው። የመንገድ እጦት ጋሻ ሆነላቸው። ጋሻው ግን ሁሉን አልመከተም፤ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ዘረት አጠገብ በአመጸኛ ዋሻ የተጠለሉት አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቁ።

ጠላት ሲወጣ ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት ጠላትን ያገደው ጭቃ፣ ከነጻነት በኋላ እህሉን ከገበያ፣ በሽተኛውን ከሐኪም አገደ። ለብዙ ዓመታት ወደ መሐል ሜዳም ሆነ ወደ ራቤል ለሚጓዝ ሰው ክረምት ማለት በቅሎ ወይም እግር ነበር። መኪናም ቢደፍር በሰንሰለትና በገበሬው ትከሻ ነው።

ሰንሰለት ደግሞ ብድር ነው። አንዱን መኪና ያሳልፋል፤ መንገዱን ግን አርሶት ይሄዳል። ያንን ቦይ ዝናብ ሲሞላው፣ ሰንሰለት የሌለው ተከታይ ይሰምጥበታል።

ጣሊያንኛው ሰንሰለትን «ካቴና» ይለዋል። እኛ ቃሉን ወስደን ለእስረኛ እጅ አዋልነው። ጎማን ነጻ የሚያወጣውና እጅን የሚያስረው ብረት በአንድ ስም መጠራታቸው ለመንዝ መንገድ ይስማማል፤ ያው ጭቃ አርበኛውን ጋርዶታል፣ ልጁን ደግሞ አስሮታል። ለአርበኛው ምስጋና ሐውልት ብቻ አይበቃም፤ ክረምት የማይቆርጠው መንገድም ይገባዋል።