የደረሳው ስንቅ ከማን ቤት ይወጣ ነበር?

 

ውድ አንባቢ ሆይ! በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ የፈተና ውጤት ሲወጣ በብዙ ቤት ከደስታው ጋር ጭንቀት አብሮ ይገባል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። የመሳፈሪያው፣ የደብተሩና የሳሙናው ገንዘብ ከየት ይምጣ? ደህና አባት ያለው ይሰጠዋል። አባቱ የሞተበት፣ ወይም አባቱ «ሱቁን ማን ይጠብቅልኝ?» ብሎ ፊቱን ያዞረበት ልጅስ? «ወላጁ ያልረዳውን እኛ ምን እናደርጋለን?» የምንል ከሆነ ታሪካችንን ዘንግተናል።

ከመዲና እንጀምር። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ሱፋ በሚባለው ጥላ ሥር ቤትም ሀብትም የሌላቸው ሰሓባዎች ያድሩ ነበር። ሥራቸው ዒልም መቅሰም ነበር፤ የሚበሉትም ከነቢዩ ቤትና ከሙስሊሞች ሰደቃ ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ዛሬ ከእርሳቸው የምንቀበለው ሐዲሥ ሁሉ የዚያ እራት ፍሬ አለበት።

ኢማም አልገዛሊን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1058 በፋርስ ምድር ጡስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ የሚያድሩ ድሃ ነበሩ። ሊሞቱ ሲሉ ሁለት ልጆቻቸውንና ያለቻቸውን ጥቂት ገንዘብ ለአንድ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። ገንዘቡ አለቀ። ወዳጅየውም ምንም አልነበረውምና ልጆቹ ለተማሪ ቀለብ ወደሚሰጥ መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። ኋላም ኢማሙ፣ መጀመሪያ የገቡት ለእንጀራ ቢሆንም ዒልሙ ግን ለአላህ ካልሆነ አልሆንም እንዳላቸው መናገራቸው ይወሳል። እ.ኤ.አ. በ1091 በባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ ለማስተማር የተሾሙት እኚያው የቲም ናቸው። ኒዛሚያ እ.ኤ.አ. በ1067 ሲከፈት ለተማሪዎቹ ቀለብ የሚሆን ወቅፍ ነበረው።

ወደ አገራችን ስንመጣም ያው ነው። ካይሮ በሚገኘው አል-አዝሀር ከኛ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 ያረፉት ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ አያት ቅድመ አያቶቻቸው የዚህ ሪዋቅ ሼኾች ነበሩ። በወሎም ደረሳው አገሩን ትቶ ፊቅሁን ከአንዱ፣ ነህውን ከሌላው ሼኽ ለመቅራት ወደ ዳና፣ ወደ ገታ ይጓዝ ነበር። የሚያጎርሰው የማያውቀው ገበሬ ነው። ገበሬው «የማን ልጅ ነህ? አባትህ ስንት በሬ አለው?» አይልም፤ «ምን ትቀራለህ?» ይላል እንጂ። ጎረቤታችን ክርስቲያኑም የቆሎ ተማሪውን እንዲሁ አጉርሶ ነው ያኖረው።

መንግሥትስ? ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማደሪያና ምግብ በመንግሥት ወጪ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ወጪ መጋራትን አመጣ። ተማሪው የምግብና የማደሪያውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እንዲከፍል ተደነገገ። ልብ በሉ፤ ባለ ዕዳው አባት ሳይሆን ተማሪው ነው። እንዲህ ያለ ውል የፈረመ ልጅ ዕዳ አማና መሆኑን ይወቅ። ከአባቱ ኪስ ነፃ ወጣ ማለት ከአባቱ ሐቅ ነፃ ወጣ ማለትም አይደለም፤ ያልረዳውንም ወላጅ ማክበር ግዴታው ነው።

ይሁን እንጂ ማደሪያና ምግብ ብቻውን ተማሪ አያቆምም። ጫማ ያልቃል፣ ልጅ ይታመማል፣ ለረፍት ወደ አገር መመለሻ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ትምህርቱን የሚተወው የሰነፍ ልጅ ሳይሆን የድሃ ልጅ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ፈጥነው ይድሯታል።

አንባቢ ሆይ! በየመስጊዳችን ጀመዓ አለ። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች ውስጥ ድሃው፣ ባለ ዕዳውና መንገደኛው ይገኛሉ፤ አከፋፈሉን ዑለማዎችን ጠይቁ። ሰደቃው ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ሦስት አራት ነጋዴዎች ተማክረው የአንዱን ልጅ የዓመት ስንቅ ቢችሉ ሱቃቸው አይጎድልም። ሲሰጡም በምስጢር ይስጡ፤ ልጁን በሰው ፊት አያሳፍሩት። የወሎው ገበሬ ከኛ የበለጠ ሀብት አልነበረውም፤ የበለጠን ደረሳውን እንደ ልጁ በማየቱ ነው።

አላህ ዒልም ፈላጊን ከሚያበረቱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።