የአንድ ስም ብዙ አጻጻፍ፦ በኮምፒዩተር መፈለግና መተካት

ፀሐይ የሚለው ስም በስንት ዓይነት ይጻፋል? መነሻው በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ ነው። መካከሉ በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ፣ ያውም በግዕዝ ወይም በራብዕ ነው። ሲባዛ 12 ይሆናል። ለእኛ ሁሉም አንድ ሰው ነው። ኮምፒዩተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝን ፊደላት ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ስለሰጠ፣ ፀ እና ጸ ለእርሱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ከአሚሻቭም ሆነ ከሌላ ሰፈር አንድ ቤተሰብ በሱዳን መንገድ የቀሩብንን ወገኖች ስም በዝርዝር ውስጥ ቢፈልግና «አልተገኘም» ቢባል፣ ዘመዱ ጭራሽ ያልተመዘገበ ይመስለዋል።

ድረ ገጽ መሥራት ለሚማሩ ልጆቻችን መፍትሔው በእጃቸው ነው። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይባላል፤ አንድን ቃል ሳይሆን የቃሉን ንድፍ መፈለጊያ ነው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተደረደሩ ሆሄያት «ከእነዚህ ማንኛቸውም አንዱ» ማለት ናቸው። ስለዚህ [ፀጸ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብሎ መጻፍ 12ቱንም አጻጻፍ በአንድ ጊዜ ያገኛል። [አኣዐዓ]ለሙ ደግሞ አራቱን። በዕብራይስጥ ታደሰን በቴትም በታቭም ለጻፈ ሰነድ ዘዴው ያው ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። መማሪያ መጻሕፍት የሚያሳዩት የቃል ዳር ምልክት በጃቫስክሪፕት ዘንድ የላቲን ፊደልን፣ ቁጥርንና የግርጌ ሰረዝን እንጂ የእኛን ፊደል እንደ ቃል አይቆጥርም። ዳር ሳይወሰን ደግሞ ከበደን ፈልገን ከበደች ትመጣለች። ከስሙ በፊትና በኋላ ክፍት ቦታ፣ ሥርዓተ ነጥብ ወይም የመስመር ጫፍ እንዲኖር ራሳችን መጻፍ አለብን። «የከበደ» እና «ለከበደ» እንዳያመልጡ ደግሞ [የለከበ]?ከበደ ይባላል፤ የጥያቄ ምልክቱ «ቢኖርም ባይኖርም» ማለት ነው።

መፈለግ ሌላ፣ መተካት ሌላ ነው። ሠን ሁሉ በሰ ተክቶ ዋናውን ጽሑፍ ማስቀመጥ አይገባም እንላለን። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ነው፤ ሰረቀ ግን ሌብነት ነው። ቄሶቻችን ኦሪትን የሚያነቡት በዚህ ቋንቋ ነውና እንዲህ ያለው መተካት ትርጉም ያበላሻል። የሰው ስምም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ፤ ፊደሉ የተስተካከለው ቅጂ ለብቻው ተቀምጦ ለፍለጋ ብቻ ያገልግል።

ያለ ስጋት የሚተካው ሥርዓተ ነጥብ ነው። ብዙዎች አራት ነጥብን ሁለት ነጥብ ደጋግመው ይጽፉታል፤ ፡፡ን በ። መተካት ማንንም አይጎዳም። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፦ በቃላት መካከል ያለውን ነጠላ ፡ በክፍት ቦታ አስቀድሞ የተካ ሰው የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ሁሉ ያጠፋል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ጂ የሚባለው ምልክት ካልተጨመረለት የመጀመሪያውን ብቻ ተክቶ ያቆማል።