ሳይቀላ የሚለቀም ቡና

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለሰነፍ ሰው ማመካኛ እንዲሆነው አይደለም። ለሁሉም ነገር የተመደበ ጊዜ እንዳለው፤ ያንንም ጊዜ ለማሳጠር የሚታገል ሰው ነገሩን ራሱን እንደሚያበላሸው ለማስተማር ነው እንጂ። የመቱ፥ የጎሬና የበደሌ ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቡና ያውቀዋል። የቀላውን ፍሬ እየመረጠ የሚለቅም ሰው ብዙ ቀን ይደክማል። ቅርንጫፉን ጨብጦ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር የሚያወርደው ደግሞ ቶሎ ይጨርሳል፤ ነገር ግን በገበያ ቀን ዋጋው ይወድቅበታል።

በዘመናችን ልጆችም እንደዚህ ሳይበስሉ የሚለቀሙበት አንድ መንገድ አለ። ይኸውም የስፖርት ችሎታቸው ገና ብቅ ሲል ኮሌጆች፥ ክለቦችና ደላሎች የሚያደርጉት ሽሚያ ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ የዚህን ነገር ታሪክ በአጭሩ ልነግርህ እወዳለሁ። ዓመታቱን የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቅርጫት ኳስ የተወለደው በትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በ1891 ጄምስ ኔይስሚዝ የተባሉ አስተማሪ በአሜሪካ አገር፥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ በወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። በበረዶው ወራት ተማሪዎች ወደ ሜዳ መውጣት ስለማይችሉ፥ በቤት ውስጥ የሚያፍታታ ጨዋታ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። እርሳቸውም ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ግራና ቀኝ ሰቀሉ፤ 13 ደንቦችም ጻፉ። አሳባቸው የወጣቱን ሰውነትና ጠባይ ማነጽ ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያ ጨዋታው ለተማሪው ተሠራ እንጂ ተማሪው ለጨዋታው አልተፈለገም።

ከዘመን በኋላ ግን ገንዘብ ገባ። በ2010 የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር የወንዶች የቅርጫት ኳስ ውድድሩን በቴሌቪዥን የማሳየት መብት ለ14 ዓመት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። ይህን ያህል ሀብት በተከማቸበት ቦታ፥ የሚያሸንፍ ልጅ ቀድሞ ያገኘ ኮሌጅ ይጠቀማል። ስለዚህ እያንዳንዱ አሠልጣኝ ከባልንጀራው ለመቅደም ወደ ታች፥ ወደ ታናናሾቹ መውረድ ጀመረ።

በ2007 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ከኢሊኖይ ከመጣ የ14 ዓመት ልጅ ጋር ቃል ተቀባበሉ። በ2008 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ለአንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጡት። ሁለቱም ልጆች ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልገቡም ነበር። በጊዜው ደንብ መሠረት የጽሑፍ ውል የሚፈረመው በሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ስለሆነ፥ በልጆቹ እጅ የነበረው የአንድ ሰው የአፍ ቃል ብቻ ነው። በ2009 የኬንታኪው አሠልጣኝ ተሰናበቱ፤ የካሊፎርኒያውም ሥራቸውን ለቀቁ። ቃሉን የሰጡት ሰዎች ሄዱ፤ ቃሉም አብሯቸው ሄደ። ከሁለቱ አንደኛው ልጅ በኋላ በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ2014 የአገሪቱን ዋንጫ ካነሡት አንዱ ሆነ። ስለዚህ ጥፋት የሁሉም ዕጣ ነው አልልም። ነገር ግን ያሸነፈበት ቤት በልጅነቱ ቃል የገባለት ቤት አለመሆኑን ልብ በል።

በዚያው በ2009 መጀመሪያ ማኅበሩ አንድ አስደናቂ ደንብ አወጣ። ኮሌጆች የሚፈልጉት ተጫዋች ተብሎ የሚቆጠረው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የነበረው፥ በወንዶች ቅርጫት ኳስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሆን ወሰነ። ምክንያቱም አሠልጣኞቹ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች በሚሰበሰቡባቸው የግል ሥልጠናዎች እየተገኙ፥ ደንቡ ያልደረሰበትን ቦታ ይጠቀሙበት ስለ ነበር ነው። ሕጉ የወጣው ልጆቹን ለመከለል ነበር። ነገር ግን የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ ከአዳኝ የሚከለል መሆኑ ራሱ፥ ነገሩ ምን ያህል እንደ ወረደ ያሳያል።

የ13 ዓመት ልጅ ቁመት የ20 ዓመት ሰው ቁመት ማስረጃ አይደለም። ቀድሞ ያደገው ልጅ በእኩዮቹ መካከል ግንብ መስሎ ይታያል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ዘግይተው ያደጉት ይደርሱበታል፤ አልፎ አልፎም ይበልጡታል። የልብም ነገር እንዲሁ ነው። «አንተ የተመረጥህ ነህ» የተባለ ሕፃን፥ ሒሳቡንና ሰዋስውን ለሌሎች የተተወ ሥራ አድርጎ ማየት ይጀምራል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግራቸው ሮጠው ሲያሸንፉ 28 ዓመታቸው ነበር። ሻምበል ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ሲያገኙ 36 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ከአርሲ በቆጂ የወጡትንም ተመልከት። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ20 ዓመቷ፥ ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ በ22 ዓመቷ፥ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 በአቴና በ22 ዓመቱ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኙ። በበቆጂ የብዙ ልጆችን ችሎታ በመጀመሪያ ያዩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ፥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበሩ። ልጁን ያገኙት በደብተሩ አጠገብ እንጂ በገበያ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሽሚያው እኛንም አልማረንም። በ1999 አዲስ አበባ የተወለደች፥ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች አንዲት ሯጭ ወደ ቱርክ ሄደች፤ ስሟም ኤልቫን አቤይለገሰ ተባለ። በ2004 በበርገን ከተማ በ5,000 ሜትር በ14 ደቂቃ ከ24.68 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ለቱርክ አስመዘገበች። ከሁለት ዓመት በኋላ መሠረት ደፋር በኒው ዮርክ 14 ደቂቃ ከ24.53 ሰከንድ ሮጣ ክብረ ወሰኑን ለኢትዮጵያ አስመዘገበችው። የልጅቷን መሄድ ለመውቀስ አይደለም ይህን የጻፍሁት፤ እንጀራ ፍለጋ ነውር የለበትም። ነገር ግን ዜግነትን የሚያህል ነገር በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚወሰን መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበርም ነገሩ አሳስቦት፥ በ2017 የዜግነት ዝውውርን አገደ። በ2018 ደግሞ ከ20 ዓመት በታች የሆነ አትሌት እንዳይዛወር፥ የተዛወረውም ሦስት ዓመት እንዲጠብቅ ደነገገ።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ እርሱም ዕድሜ ነው። የልደት ምዝገባ በመላው አገር በሥርዓት የተጀመረው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ዕድሜው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በእናቱ ትዝታ ነው። ስለዚህ ደላላው ሲሻው ይቀንስለታል፤ ሲሻው ይጨምርለታል። የልጁ የመጀመሪያ ውል በውሸት ከተጻፈ፥ በኋላ የሚመጣው ውል በምን ላይ ይቆማል?

በማስተምርበት ዘመን አንድ ፈጣን ልጅ ነበረ። በ14 ዓመቱ ከሩቅ ከተማ የመጡ ሰዎች «እናስተምርሃለን፤ እናስሮጥሃለን» ብለው ወሰዱት። አባቱ ደስ ብሎት በግ አረደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ጉልበቱ ተጎድቶ ተመለሰ፤ የክፍል ውጤት የያዘች አንዲት ወረቀት እንኳ አልነበረችውም። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንድ ወንበር ተቀመጠ። ሰዎቹ የእሩጫውን ቃል አልበሉም፤ አስሩጠውታል። የበሉት የትምህርቱን ቃል ነው።

«ድኃ ቤተሰብ የተከፈተለትን አንድ በር ለምን ይዘጋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው እውነት አለው። ከ2021 ወዲህ በአሜሪካ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዶላቸዋል፤ የሚያሳዩት ወርቅም ውሸት አይደለም። እኔም በሩ ይዘጋ አልልም። ከመግባት በፊት ግን ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ። ልጁ ቢጎዳ ማን ያስተምረዋል? የተሰጠው ቃል የሰውዬው ነው ወይስ የቤቱ? ሰውዬው ነገ ቢሄድስ ቃሉ ይቆማል? እነዚህን በጽሑፍ የሚመልስ ሰው ልጁን ይፈልጋል፤ የሚሸሽ ግን የሚፈልገው እግሩን ብቻ ነው።

ስለ መውሰድ ስናስብ የኢሉባቦርን ልጅ አቶ ኦኔሲሞስ ነሲብን መርሳት አይገባንም። በ1850ዎቹ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ፤ በሕፃንነታቸውም ባሪያ ነጋዴዎች ነጥቀው ከእጅ ወደ እጅ ሸጧቸው። ያን ግፍና የዛሬውን የስፖርት ጥሪ አንድ ላይ አላስተካክልም፤ የምጠቅሰው በኋላ የሆነውን ነው። በ1870 በምፅዋ ነፃ ከወጡ በኋላ የተቀበሏቸው የስዊድን ሚስዮናውያን አስተማሯቸው፤ ወደ ስዊድንም ልከው አምስት ዓመት በትምህርት ላይ እንዲቆዩ አደረጉ። በኦሮምኛ የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1899፥ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ነጋዴዎቹ በሕፃኑ ውስጥ ያዩት ዋጋ ዕለቱን በብር የሚመነዘር ነበር። አስተማሪዎቹ ግን ዓመታትን ሰጥተው ጠበቁ።

እንግዲህ ወጣት ወዳጄ ሆይ፥ ችሎታ ካለህ ደስ ይበልህ፤ ሩጥ፥ ዝለል፥ ተጫወትም። የሚጠራህ ሰው ቢመጣ በአክብሮት አነጋግረው፤ ብቻህን ግን አትመልስለት። አባትና እናትህ፥ አስተማሪህም በተቀመጡበት ይናገር። እውነተኛ ዕድሜህን ንገረው። የጀመርኸውን ክፍል ጨርሰህ የምስክር ወረቀትህን ሳትይዝ ከቤትህ አትውጣ። ይህን ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣ ሰው፥ ጉልበትህ በታመመ ቀንም ትዕግሥት አይኖረውም።